በፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ያለችው የንጉሥ ልጅ

አዋሳ፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ፅጌዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ሐይቁ ያው ካርዱ ላይ እንደምታዪው ነው፤ እኔ የምጽፍልሽ ስለ ፀጉር አስተካካዩ ስለ ሙህዲን ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ባለው ቤቱ ግድግዳ ላይ ከአሮጌ የፈረንጅ ካላንደር የቆረጠውን ሥዕል ለጥፏል። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ከአንድ ጥንታዊ ግጥም ተወስዶ የተሳለ ነው፦ የንጉሥ ልጅ ብቻዋን በጀልባ ስትሄድ። እንዲህ ያለው ሥዕል እኛ መምህራን ዘንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ይጠጣል፤ እዚህ ግን ተላጪው ሁሉ ይከራከርበታል።

ትናንት እየተላጨሁ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ገቡና "ይህቺ ፊውዳል ናት፤ ትውረድ" አሉ።

ሙህዲን ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳደረገ "መምህሩ ታሪኳን ያውቁታል፤ ይጠይቋቸው" አለ።

"ዓሣ አጥማጅ ወዳ ከአባቷ ቤት ስትሸሽ ነው" አልኩ።

ጓድ ግዛቸው ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። "ከመደቧ ከተለየችማ ትቆይ።" በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ተመልሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዓሣ አጥማጁ ጋ ደረሰች?" አሉኝ።

በግጥሙ ጀልባዋ ትገለበጣለች። እኔ ግን "ደርሳለች፤ ወልደዋልም" አልኳቸው።

ቦታ አለቀብኝ። የእማማ ደብሪቱን ጉልበት ሳሚልኝ። ግጥሙን ያነበበ ሰው ወደዚህ ከመጣ ደግሞ ፀጉሩን ሌላ ቤት ይቆረጥ በይልኝ።

ሸዋንግዛው