ስሜን የማትጠራው

ሐይቅ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሀውራ፣ ውጫሌ

አሰላሙ አለይኩም የኢንሳፍ እናት። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ከማታ ተማሪዎቹ እንደኔ የሚጽፍ የለም፤ አስተማሪዋም ልቧ ያውቀዋል፣ አፏ ነው እንቢ ያላት። ኢንሳፍ ልጄ፣ ለእናትሽ ስታነቢላት የራስሽን ሳቅ አትጨምሪበት።

እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ አባባ ግን ሊጨርሱኝ ነው። ሰው ሲያረጅ ይረጋል ያለው ማነው? እኒያ ሲያስሉ ውሻው ሳይቀር የሚቀመጥላቸው ሰውዬ፣ ዛሬ እኔን ልጃቸውን "አባዬ፣ ሐይቁ ልውረድ?" ብለው ያስፈቅዱኛል። አይሆንም ስላቸው ያለቅሳሉ። ዞር ካልኩ ጫማቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወርደዋል። ልጅ ሳለሁ ለምን ዋኘህ ብለው በአርጩሜ የላጡኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ?

ሰረቅሽኝ ብለው ያስኮረፉሽ፣ አንቺም ውጫሌ የገባሽበት ስኳር ተገኝቷል። የውዱእ ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ ደብቀው ረስተውታል። ውሃ ሞልተው ሊታጠቡ ሲሉ እጃቸው ተጣበቀና "ማን ነው ማር የጨመረበት?" ብለው እኔኑ ተቆጡ።

እኔስ ብትይ፣ በወጣትነቴ ወሬሽ በዛ ብዬ ከቤት እወጣ የነበርኩት ሰውዬ አሁን ከድመቷ ጋር እከራከራለሁ። እሷ ታሸንፋለች።

ዋናው ጉዳይ ግን ምግብ ነው። ሙሽራ ሆነሽ ከገባሽ ጀምሮ በምራት ወግ እሳቸው ፊት እህል ቀምሰሽ አታውቂም፣ ስማቸውንም በአፍሽ አላነሳሽም፤ እሳቸውም ሳህኑን በሌላ ሰው እንጂ ከእጅሽ ተቀብለው አያውቁም። አሁን ከማንም እጅ አልበላም ብለዋል። ገንፎ አገነፋሁ፤ አዎ፣ እኔ፣ ያውም ጓል የለውም። አፋቸውን ገጠሙ። ጎረቤታችን ራህመት ለምናቸው ተመለሰች። ቀበቷቸው ሁለቴ ይዞራቸዋል።

"ያቺ ልጅ ትምጣ" ይላሉ።

"የትኛዋ?" አልኳቸው።

"ስሜን የማትጠራው።"

ሐሙስ መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። ለአባባ ብዬ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። ባትመጪም ከመጨረሻው መኪና በፊት አልነሳም፤ ሥራ ስለሌለኝ ነው።

አላህ እርጅናችንን ቀስ ያድርግልን፤ ሁለት ቤትም አያድርገው።

ባልሽ ሙነወር
(ፊርማ ነው፤ አሻራ ቀርቷል)