አንዲት «ሃ» የጎደለችባቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ወልደየስ

ወይዘሮ ብርቅነሽ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ካሣዬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙአየሁ ይመር ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በደሴ ከተማ፣ ሆጤ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱ ሁለት ወንዶች ስላላደጉ ለወላጆቻቸው እውነትም ብርቅ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እኅታቸው ሙሉሸዋ ተወለደች። ያኔ ቤቱ ልጅ ለምዶ ስለነበር ሙሉሸዋን ብርቅ ያላት የለም። ምላሷ የረዘመው በዚህ ነው ይሉ ነበር እናታቸው።

በለቅሶ ላይ የሟች ጥፋት እንደማይነሣ የታወቀ ነው። ወይዘሮ ብርቅነሽ ግን ያልሠሩት ጥፋት ለሃያ ዓመት በዚህ በካልጋሪ ከተማ ሲወራባቸው ኖሯል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፣ የተጣመመ ስም ይዘው እንዳይቀበሩ ዛሬ እዚሁ በፊታችሁ ይቀናል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡ።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ትምህርታቸውን በደሴ አጠናቀው፣ በ1969 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ተቀጠሩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም ቀን ሕፃናትን፣ ከሥራ በኋላ ሽማግሌዎችን ፊደል አስቆጥረዋል። በፊደል ቀልድ አያውቁም ነበር። በ1972 ዓ.ም. አንድ አዲስ ፎቶ ቤት በር ላይ «ፎቶ ታገ» የሚል ሰሌዳ አይተው ማለፍ አልቻሉም። ገብተው ባለቤቱን «ስምህ ማን ነው?» ቢሉት «ታደገ» አላቸው። «ታዲያ 'ደ'ን የት ጣልካት?» አሉት። ሰሌዳው ተስተካከለ፤ በዓመቱም ወይዘሮ ብርቅነሽና አቶ ታደገ ተጋቡ። ሩታንና ቴዎፍሎስን ወለዱ። አቶ ታደገ በ1986 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ዐረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ቀድማ በመጣችው በእኅታቸው በሙሉሸዋ ስፖንሰርነት ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጡ። ማርልቦሮ ሰፈር በእኅታቸው ቤት ቤዝመንት ውስጥ ተቀመጡ፤ በአንድ ሆቴል ላውንደሪም ሥራ ገቡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሰብስበው ፊደል ማስተማር ጀመሩ። ልጆቹ «ቲቸር፣ ዊ አር ታየርድ» ሲሏቸው፣ «ታየርድ በአማርኛ ምን ይባላል? እሱን ጻፉና ትሄዳላችሁ» ይሏቸው ነበር። ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ አባትና እናት ሆነው እዚህ የተቀመጡ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በዐቢይ ጾም፣ ባስ አምልጧቸው በሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር በኩል በበረዶ ሲሄዱ፣ ራሳቸውን ተላጭተው ቆብ ያደረጉ፣ ቡናማ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ወደ አንድ ሕንፃ ሲገቡ አዩ። መነኮሳት! «ካልጋሪ ገዳም አለ ለካ!» ብለው ተከትለው ገቡ፤ ከሁሉ በዕድሜ የገፉትን «እማሆይ፣ ይባርኩኝ» ብለው እጃቸውን ሳሙ። እማሆይም አላስቀየሟቸውም፤ እጃቸውን ይዘው ወደ ማዕድ ወሰዷቸው። ሩዝ፣ ጎመን፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነገር። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ወይዘሮ ብርቅነሽ እነሱም ሁዳዴ እየጾሙ ነው ብለው ደስ ብሏቸው በሉ። ሲወጡ ነው በአዳራሹ መጨረሻ በወርቅ ቀለም የተቀባውን፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠውን ሐውልት ያዩት። ቤት መጥተው ሲያወሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የቬትናም ቡድሂስቶች ቤት ነበር። እጃቸውን የሳሟቸው ሴት ሊየን ይባላሉ፤ ወይዘሮ ብርቅነሽ ግን እስከ መጨረሻው እማሆይ ሊየን እንጂ ሌላ ስም አልጠሯቸውም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ቴዎፍሎስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በዲርፉት መንገድ ላይ መኪናው በበረዶ ተንሸራቶ በደረሰ አደጋ ሞተ። ይህን ዐረፍተ ነገር ከዚህ በላይ ማስረዘም አልተቻለም።

ወይዘሮ ብርቅነሽ መብላትም መናገርም አቆሙ። እማሆይ ሊየን ሰምተው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አማርኛ አይችሉም፤ እንግሊዝኛቸውም ከሙሉሸዋ አይሻልም። ሦስት ቀን ዝም ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። አርባው ወጥቶ ሁላችንም ወደየሥራችን ስንበተን፣ በአርባ ዘጠነኛው ቀን እማሆይ እንደገና መጡ። በእነሱ ሥርዓት ለሞተ ሰው በየሰባቱ ቀን፣ ሰባት ጊዜ ይጸለይለታል። እኛ ባበቃንበት እሳቸው ዘጠኝ ቀን ጨመሩ።

በዚያ ቀን ከእነሱ አበው የወረደ አንድ ታሪክ ነገሯቸው። አንዲት እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ ወደ ቡድሃ ሄደችና መድኃኒት ስጠኝ አለችው። «ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት አንዲት ፍሬ ሰናፍጭ አምጪልኝ» አላት። በየደጁ ዞረች። ሰናፍጭ ያለው ቤት ሞልቷል፤ ሞት ያልገባበት ቤት ግን አጣች። ሲገባት ልጇን ቀበረች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ይህን ሰምተው ረጅም ሰዓት አለቀሱ። በማግስቱ ተነሥተው ገላቸውን ታጠቡና፣ «ዛሬ ማን ቤት ነው ለቅሶ ያለው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ የሐበሻ ለቅሶ ተቀምጦ ወይዘሮ ብርቅነሽ ድስት ይዘው ያልደረሱበት ቤት የለም።

በዚያው ዓመት የሆቴሉን ሥራ ትተው በእማሆይ ሊየን ወጥ ቤት ምግብ አብሳይ ሆነው ተቀጠሩ። ሽንኩርት እንኳ እዚያ ቤት አይገባም፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት መሥራት የተማሩት በስንት ትግል ነው። ጎመን እየከተፉ እማሆይን ይጠይቃሉ፤ የሰሙትን በሰማያዊ ደብተር ላይ በዚያ በመምህርት የእጅ ጽሑፋቸው በአማርኛ ይጽፋሉ። ቡድሃ ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ የነቃ፣ ዐይኑ የተገለጠ ማለት ነው ብለው ጽፈዋል። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት በህንድና በኔፓል አካባቢ የተወለደ የመስፍን ልጅ ነው። ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ አይቶ ልቡ ተሰበረ፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ መነነ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነቃ። ያስተማረውም ይህ ነው፤ መከራ አለ፤ መከራ ሥር አለው፤ ሥሩም ያልጠገበ ምኞት ነው፤ ሥሩ ይነቀላል፤ መንቀያውም ስምንት ነገር ነው፤ ማየትን፣ ማሰብን፣ መናገርን፣ መሥራትን፣ መተዳደሪያን፣ መጣርን፣ ማስተዋልንና ልብን መሰብሰብን ማቅናት።

ትምህርቱ እንዴት ካልጋሪ እንደደረሰም ጽፈዋል። በጦርነት ብዙ ደም ያፈሰሰ አንድ ንጉሥ ተጸጽቶ መምህራንን በየአገሩ ላከ፤ ትምህርቱ ወደ ስሪላንካ ተሻገረ፤ ነጋዴና መነኩሴ በግመል መንገድ ወደ ቻይና ወሰዱት፤ ከዚያ ቬትናም ገባ። እማሆይ ሊየን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ በጀልባ ባሕር አቋርጠው፣ ማሌዢያ ካምፕ ከርመው፣ በስደተኝነት ወደዚህ አመጡት። በዚህ ገጽ ግርጌ «እሳቸውም እንደኛ በወረቀት የመጡ ናቸው» የሚል ተጽፏል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2005፣ መስከረም ላይ አንዲት ሴት በስልክ ስታወራ «ብርቅነሽ የት ጠፋች?» ተብላ ተጠየቀች። «ኧረ ተያት፣ እሷማ ቡዳ ቤት ገብታለች» አለች። ቀልዷ ነው። ቡድሃ መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ሳቅ አምሯት ነው፤ ትንሽም አፍራባቸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አንዲቷ «ሃ» ድምፅዋን ለ«ድ» ትታ እንደወደቀች ቀረች። በሁለተኛው እሑድ «ቡዳ ቤት ገብታለች» የነበረው «ቡዳ ናት» ሆነ።

በአንድ ክርስትና ላይ ወይዘሮ ብርቅነሽ ሕፃን አቅፈው «ሲያምር!» አሉ። በሁለተኛው ቀን ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። ካልጋሪ በጥቅምት ትኩሳት ያልያዘው ሕፃን የት አለ? ከዚያ ወዲያ ግን እሳቸው ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ከፊደል ክፍሉ ልጆች አንድ በአንድ ቀሩ፤ ጥምቀት ሲደርስ አንድም ልጅ አልነበረም። ወይዘሮ ብርቅነሽ እስከ ፋሲካ ድረስ እሑድ እሑድ እየሄዱ፣ ሰሌዳው ላይ ሀ ሁ ሂ ጽፈው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰዓቱ እስኪሞላ ተቀምጠው ይመለሱ ነበር። ለቅሶ ቤት መሄድ ግን አልተዉም። በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ከድስታቸው የሚቀምስ አልነበረም። ድስቱን እንደሞላ ተሸክመው ሲወጡ ሙሉሸዋ አይታለች። አንድ ጭልፋ ማውጣት ምን ያቅታት ነበር?

ሰው እንዳይሳሳት ይህም ይነገር። ወይዘሮ ብርቅነሽ ከሃይማኖታቸው አልወጡም። ለሐውልቱ ሰግደው አያውቁም፤ እማሆይ ሊየንም አንድ ቀን ስገጂ ብለዋቸው አያውቁም። የት እንደሚሠሩም የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ኪራኮስ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር። ቅዳሜ አብስለው እሑድ አስቀድሰው፣ ቆርበው የኖሩ ሴት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ታራዴል ሰፈር በልጃቸው በሩታ ቤት ተኝተው አሥራ አምስት ወር ታመሙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ እማሆይ ሊየን በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ምርኩዝ ይዘው እየመጡ ትንፋሻቸውን እንዲከተሉ ያስተምሯቸው ነበር፤ ሲገባ ማወቅ፣ ሲወጣ ማወቅ። ወይዘሮ ብርቅነሽም ሲገባ «እግዚኦ»፣ ሲወጣ «መሐረነ» ይሉ ነበር። ረቡዕ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ሩታ ራሳቸውን ደግፋ፣ እማሆይ እጃቸውን ይዘው፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ «እግዚኦ» ብለው ትንፋሻቸውን አስገቡ። «መሐረነ»ን ሩታ ጨረሰችላቸው። በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ሐሙስ ዕለት ሙሉሸዋ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ቀን ለማመሳከር ብላ ሰማያዊውን ደብተር ገለጠች። ስምንቱ ነገሮች የተጻፉበት ገጽ ላይ «መናገርን ማቅናት» ከሚለው ጎን በትንንሽ ፊደል ተጽፎ አገኘች። «ሙሉሸዋ ናት። ሰምቻለሁ። አልጠይቃትም፤ ታፍራለች። ጥቅምት 1998 ዓ.ም.»

ታሪኩን ሌላ ሰው ያንብብልሽ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። ሙሉሸዋ እኔ ነኝ። በስልክ ያወራችው ሴትም እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ አብረን ስንበላ፣ ሆስፒታል ሳመላልሳት፣ እግሯን ሳሻት፣ እሷ ታውቅ ነበር፤ እኔ እንዳላፍር ብላ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ታውቅብኛለች ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። ብርቅዬ፣ ምነው አንድ ቀን በጥፊ ብትመቺኝ! ምነው «'ሃ'ን የት ጣልሻት?» ብለሽ ብትጠይቂኝ!

ወገኖቼ፣ እኅቴ ቡዳ አልነበረችም። ውሸቱ የኔ ነው። ልጆቻችሁን የሸፈናችሁት ከኔ ምላስ መሸፈን ሲገባችሁ ነው። እማሆይ ሊየን መጥተዋል፤ ቦታ እንዳይይዙ ብለው እዚያ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። እኅቴ ሃያ ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ ነው። እባካችሁ እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ፊት አምጡልኝ፤ ከሩታ ጎን ይቀመጡ። አርባዋን በዚህ ቤተ ክርስቲያን እናወጣለን። በአርባ ዘጠነኛው ቀን ደግሞ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ድስት ይዤ ነው የምሄደው፤ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ይምጣ።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ልጃቸውን ሩታ ታደገን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይዲድያንና ውዳሴን፣ ጓደኛቸውን እማሆይ ሊየንን፣ ፊደል ያስቆጠሯቸውን ብዙ ልጆች፣ እና ይቅርታ ለመጠየቅ የዘገየችውን እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ቴዎፍሎስንና ታደገን ከሚያገኙበት ያድርስልን። በዐፈር የምንሸኛትን እኅታችንን እግዚአብሔር በብርሃኑ ይቀበላት፤ ስሟንም አንዲት ፊደል ሳትጎድል በሕይወት መዝገብ ይጻፍልን። አሜን።