ስለ ሁለቱ የበጋ ድልድዮችና ስለ ልጄ

ለክቡር አቶ ኦድቫር ሊየን፣
የስቱርዳል የተራራ ተጓዦች ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎና የተራራ ጫማዎ ደህና ናቸው? ሰሞኑን በጋዜጣ ላይ በወጣው ፎቶግራፍዎ ፊትዎ ወዝ ሞልቶት ስላየሁ ደስ ብሎኛል። እኔም አንዲት ልጅ ከመጉደሏ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ለቢሮዎ አቤት ብል ከአንድ መስመር የሐዘን መግለጫ ጋር ታጥፎ የደረሰኝ «ሻንጣ አዝለው ተራራ ለሚወጡ የደኅንነት ምክር» የሚል በራሪ ወረቀት ብቻ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ውብ ነው። ስለ ጫማ፣ ስለ ሱፍ ልብስ፣ ስለ ትርፍ ካልሲም በሰፊው ያስተምራል። ከታች ደግሞ «ባለፈው መከር አንዲት ወጣት በጊዜ ወደ ኋላ ባለመመለሷ ሕይወቷ አልፏል» ይላል። ያቺ ወጣት ልጄ ሱኒቫ ናት። ካልሲዋን በእጄ የሠራሁላትን እኔን እናቷን ስለ ካልሲ ለማስተማር ስለ ደከሙ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቢሮዎ ነገርን በቁጥር መስማት ስለሚወድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ በጋ ሲገባ በላይኛውና በታችኛው ወንዝ ላይ የምንዘረጋቸውን ድልድዮች፣ በረዶና ጎርፍ እንዳይሰባብራቸው በመከር ማንሳት የቆየ ልማዳችን ስለሆነ በዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ነገር ግን በመንገዱ መነሻ የተተከለው ሰሌዳ ድልድዮቹ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ እንደሚቆዩ እየተናገረ፣ እርስዎ የአጋዘን አደን ከመጀመሩ በፊት ሥራው እንዲጠናቀቅ በማሰብ ቀኑን ሲያስቀድሙት ሰሌዳውን የሚያስተካክል ሰው አልተገኘም። ጠመንጃ ያነገቱት ሁሉ አዲሱን ቀን ያውቁ ነበር፤ ሻንጣ ያዘሉት ግን አልተነገራቸውም። ለአዳኞቻችን ስላሳዩት አሳቢነት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ፣ ድልድዮቹን የሚያነሱት ሁለት የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቀን አያውቅም ነበር። በታችኛው ወንዝ ላይ ከሠሩት መካከል ጎረቤቴ ቶርገይር ይገኛል። ከቀብሩ በኋላ ቤቴ መጣ፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤቴ ድረስ ገባ፣ ይህንንም እሱ በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍርልዎታለሁ፦

«ቦርግሂልድ፣ አግኝቻት ነበር እኮ! ዳቦዬን እየገመጥኩ ሳለ ‹ሰላም ሰላም› አለችኝ። ‹ሰላም ሰላም› አልኳት። ሳቅ ብላ ‹ድልድዩን ለኔ ብላችሁ ነው ያቆያችሁት?› አለች። ‹አንቺ እለፊ እንጂ፣ ከኋላሽ እናነሳዋለን› አልኳት። ላይኛው እስከ እሁድ የሚቆይ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እነዚያ ከኛ በፊት በዋዜማው አንስተውታል! ወዴት ነሽ አላልኳትም። እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ሰው በገዛ መንገዱ!»

ክቡር ሆይ፣ እኛ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠውን ቀና ብለን የማናይ ሰዎች፣ ተራራ ላይ ስንገናኝ ብቻ ሰላም እንባባላለን። ከሰላምታው አልፎ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ግን በሰው ጉዳይ መግባት ይሆንብናል። ልጄ በጨዋነት ተሸኝታ አለፈች፤ ከኋላዋም ብሎኑ ተፈታ። ቶርገይር ይህን ነግሮኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እርስዎ ግን ለጋዜጣው «የዘንድሮ ወጣት መመለስ ሽንፈት ይመስለዋል» ብለዋል።

፫ኛ፣ ልጄ ተመልሳ ነበር።

ላይኛው ወንዝ ስትደርስ ድልድይ የለም፤ የምታድርበት ጎጆ ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡ በርትቷል። ከጎጆ ወደ ጎጆ የምንጓዝ ሰዎች ድንኳን አንይዝም፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥም ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ከልጅነቷ ጀምሮ ማኅበርዎ ያስተማራትን፣ መመለስ ነውር አይደለም የሚለውን ትምህርት ፈጽማ የመጣችበትን መንገድ ይዛ ተመለሰች። ታችኛው ወንዝ ዳር ስትደርስም የድልድዩን ሳንቃዎች በወዲያኛው ዳርቻ በሥርዓት ተደርድረው፣ እንዳይረጥቡም ሸራ ለብሰው አገኘቻቸው። ልጄን ፈላጊዎች ያገኟት በዚሁ በታችኛው ወንዝ ውስጥ ነው። ጠዋት በድልድይ በደረቅ እግሯ ያለፈችውን ወንዝ፣ ለመመለስ ካልሆነ፣ ለምን ብላ ትገባበታለች?

አራተኛም ቅሬታ ነበረኝ፤ አሁን ጠፋብኝ። ልጄ ናፍቃኛለች። ስትመጣ በሩን በእግሯ ነበር የምትከፍተው፤ ስንት ዓመት ተቆጣኋት። አሁን የበሩ ቀለም ምንም አይሆንም።

የምለምንዎ ካሳ አይደለም። «ባለመመለሷ» የምትለዋን ቃል ከወረቀትዎ ላይ ይሰርዙልኝ። ልጄ ምክራችሁን አልሰማችም ተብሎ ለሌሎች ልጆች ማስፈራሪያ እንድትሆን አልፈቅድም፤ ሰምታችኋለች፣ የሞተችውም ስለሰማቻችሁ ነው። ከዚህም በኋላ ድልድይ የሚያነሳ ሰው ወዴት ነህ፣ ወዴት ነሽ ብሎ የመጠየቅ ብልግና እንዲፈቀድለት በትሕትና አመለክታለሁ።

ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሳንቃዎቻችሁ ደረቅ ክረምት፣ ለእርስዎም የሰላም እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቦርግሂልድ ሃውግስነስ
የሱኒቫ እናት

ማስታወሻ፦ በመጪው መከር ድልድዮቹ በሚነሱበት ዕለት እኔ በሁለቱ ወንዞች መካከል እቀመጣለሁ። ቀኑን አስቀድሞ መንገር ልማድዎ ስላልሆነ፣ ከሴፕቴምበር መባቻ ጀምሬ በየቀኑ እወጣለሁ። እባክዎ፣ ሰዎችዎ ብሎኑን ከመፍታታቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ ማዶ ይጣሩ። አቤት የሚል ሰው አለ።