ክንዴ ራሱን እየጠገነ ነው

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አብዱልበሲጥ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ? የኮምቦልቻ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከሎጊያ ሙቀት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ አንድ ቃል ሳልጨርስ ስለምታቋርጠኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። እስኪያልቅ ዝም ብለህ አንብብልኝ።

ክንዴ ስለታመመ ሱቁን ዘግቼ እንድመለስ መወሰንህን ሰምቻለሁ። አልመለስም።

ስምንት ዓመት ሙሉ የከባድ መኪና ሸራ ስሰፋ፣ በትልቁ መርፌ እየወጋሁ ሲባጎውን ስስብ፣ ከቀኝ ክርኔ በታች ያለው ጡንቻ በጥቂት በጥቂቱ ተበጣጠሰ። አንድ ቀን መቀስ ማንሳት አቃተኝ። ወጌሻ አሸኝ፣ ባሰብኝ። እማዬ አስረሽ አሳርፊው ብትለኝ ስድስት ሳምንት በሻሽ አስሬ ተቀመጥኩ። ስፈታው ከስቶና ደርቆ አገኘሁት። ያን ቀን አለቀስኩ፣ አልዋሽህም።

ከዚያ ሰመራ ሄድኩ። ራኬብ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክንዴን ይዛ አስረዳችኝ። ጡንቻ ሲጎዳ የሚያብጠው ሰውነት የተበላሸውን ለመጥረግ ደም ሲልክ ነው አለች። ቀጥሎ ከጡንቻው ክሮች ጎን ተኝተው የሚኖሩ ደቃቅ ሕዋሳት ይነቃሉ፣ ይራባሉ፣ ከተበጠሰው ጋር ይዋሃዳሉ። አዲሱ ክር መስመር የሚይዘው ግን ቀስ በቀስ ሲሠራበት ነው። ጨርሶ ካሳረፉት ይደርቃል፣ ካጣደፉት ዳግም ይበጠሳል። ስንት ዓመት የሰው ሸራ ስጠግን፣ ራሱን የሚጠግን ነገር ይዤ መዞሬን አላውቅም ነበር።

አሁን ጠዋትና ማታ ውሃ የሞላሁባትን ሃይላንድ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ወፍራሙን ስፌት ሠራተኛዬ ሙጂባ ትሰፋለች፤ እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አርፋለሁ። ጎረቤቶቼ ሴት ልጅ ከሸራ ጋር ምን አላት እያሉ ከንፈር ይመጥጣሉ። ይምጠጡ። ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ ሸራ የተቀደደበት ሾፌር ዛሬም የሚጠይቀው የኔን ሱቅ ነው።

ለእኔ አስበህ መሆኑ አይጠፋኝም፤ አባታችን ካለፈ ወዲህ ጥላዬ አንተ ነህ። ግን ጓዳህ ተቀምጬ ምስኪን ከምባል እዚሁ በሐሩር ብሠራ ይሻለኛል።

እማዬን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ እሰሪው ያለችኝ ከፍቅር ነውና ቅር አላለኝም። ለባለቤትህ ለሀምዳ ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጅህን ናስርን ሳምልኝ፣ በትምህርቱ እንዳያላግጥ። በሱቁ ነገር ግን አትድከም። ትናንት ከአከራዬ ጋር የሁለት ዓመት ውል ፈርሜአለሁ። የፈረምኩትም በቀኝ እጄ ነው።

እህትህ ኸሊዳ
ሎጊያ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.