የአባባ ጆሮ

ይድረስ ለእህቴ፣

የአባባ ግራ ጆሮ መስማት አቁሟል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ሐኪሙ ትናንት ነገረን።

እታለም፣ ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ደብዳቤ ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትፈልጊው ክፉውን ወሬ መሆኑን ስለማውቅ ነው። አሁን ተረጋጊና ልጠይቅሽ፤ እንደምን አለሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። አባባም ከጆሯቸው በቀር ጤነኛ ናቸው። እማዬ ሐኪሙ ፊት «ቤት ውስጥ እንደሆነ ድሮም ሰምተውኝ አያውቁም፤ ምን አዲስ ነገር መጣ?» ብላ ሰውዬው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። አባባ መድረክ ላይ የኖሩት በማዳመጥ ነው። ረዳት ተዋናይ እንደሆኑ ሸበቱ፤ ዘበኛ፣ ዳኛ፣ የሙሽራ አጎት ሆኑ እንጂ አንድም ቀን ዋናውን ሰው ሆነው አያውቁም። በቀደም ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «ጋሼ፣ ቤተሰብ ደህና?» አለቻቸው። የት እንዳየቻቸው ጠፍቷት ዘመድ መስለዋት ነው። እንዳያሳፍሯት «ሁሉም ደህና፣ ይጠይቁሻል» ብለው ወረዱ። የሙያ ጓደኞቻቸው ግን ያውቋቸዋል። አሁን የሚለማመዱት አዲስ ቲያትር ዋና ተዋናይት «እሳቸው ሲያዳምጡኝ የራሴን ንግግር አምነዋለሁ» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ይህችው ተዋናይት ፊቷን ወደ ተመልካች እንዳዞረች ቃሏ ጠፋባት። እንዲህ ሲሆን አባባ የጠፋውን ቃል ጥያቄ አስመስለው ያቀብላሉ፤ ያን ቀን ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ማዳመጣቸውን ቀጠሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞራ ፊታቸውን ስታይ እንባዋ መጣ፤ ቃሉም ተከትሎ መጣ። ሁሉም አጨበጨበ። አዘጋጁ «ይህን ዝምታ ማን አስገባው?» ቢል አባባ «የምን ዝምታ?» አሉ። የተነቃባቸው በዚህ ነው። ለካ ስንት ጊዜ ከንፈር እያዩ ሲሠሩ ኖረዋል!

አዘጋጁ ዝምታው ይቆይ ብሏል፤ አባባ ይቆዩ አይቆዩ ግን አልወሰነም። ከጀርባቸው የሚነገረውን አይሰሙም፤ የታዘዘላቸው የጆሮ መሣሪያም ለትርኢቱ አይደርስም። ምትክ የተባለው ወጣት ተዋናይ ቃሉን እያጠና ነው፤ የሚያስጠኑት ራሳቸው ናቸው። «ምነው አባባ፣ በገዛ እጅዎ?» ብላቸው «ገጸ ባሕሪው ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ግን አይደለም። ወጣቱ ሲሄድ እማዬን ከኋላቸው አቁመው ያስነብቧታል። እሷም እንዲሰማቸው እየጮኸች ታነባለች። ትናንት ጎረቤታችን የተጣሉ መስሎት ሊያስታርቅ መጣ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ባለቤቴ ፎቶው ደርሶናል፣ አምሮብሻል ትላለች። ልጄ የአክስቱን ልጆች በየስማቸው ሰላም ብሏል። አባባ «ስትደውል በምስል ይሁን፤ ከንፈሯን ልያት» ብለዋል።

አዘጋጁ ውሳኔውን የሚናገረው ማክሰኞ፣ ከልምምድ በኋላ ነው።

ወንድምሽ
ከእናትና ከአባታችን ቤት በረንዳ
እሑድ፣ የካቲት 9