ቀዩ መርፌ የቆመበት

ጥቅምት 7/81፣ ሰኞ፣ ጧት 3 ሰ.
ሦስተኛው ሬዲዮ። የባትሪ ድንጋዩ ፈሶ ዝጓል። ጠረግኩት። የጣቢያ ማሳያው ቀይ መርፌ ያው እዚያው፣ የተከለከለው የጫካ ሰዎች ጣቢያ ላይ። ሰው ለጥገና ሲያመጣ መርፌውን መመለስ ይረሳል። እኔ ዝም ብዬ ወደ አዲስ አበባ እመልሰዋለሁ። ደብተሬ፣ ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። ሻይ ቤት ወሬው ስለ ዝናብ ብቻ፤ ስብሰባ ላይ ጭብጨባው እጅ እስኪቃጠል።

ሙቀት። ከዋጃ በኩል የሚመጣው ነፋስ ማሽላ ማሽላ ይሸታል። እጄ ሽቦ ይበይዳል፣ ሐሳቤ የት እንዳለ እንጃ።

ጥቅምት 10፣ ሐሙስ
አያ ሰይድ መጡ፤ ከሱቄ ማዶ እህል የሚሸጡት። ሬዲዮዋን በፎጣ ጠቅልለው። ልጃቸው ዑመር ከገበያ ታፍሶ ወታደር ከሆነ ሁለት ዓመቱ። አምና ደብዳቤው ቀረ። የጫካዎቹ ጣቢያ 11 ሰ. ላይ የተማረኩትን ስም ያነባል። የሞቱትንማ ማን ያነባል? ስለዚህ ሽማግሌው ልጄን ማርከውልኝ ባገኘሁት እያሉ ዱዓ ያደርጋሉ። ያረቢ፣ ይሄም ዱዓ ሆነ!

ቶሎ በልልኝ፣ ስሙ እንዳያልፈኝ አሉ። አብሽሩ፣ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ አልኳቸው። ያለቁትን ድንጋዮች ጉልበት እንዲያነሡ ቆርቆሮው ላይ ለፀሐይ አሰጣሁ።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ
የቀበሌው ካድሬ ጓድ መ. ሱቄ ገባ። ቁጭ አለ። ቃሉ ለስላሳ። ሬዲዮ ሲመጣ መርፌው የት እንደቆመ ከነባለቤቱ ስም ጻፍልኝ። እስከ ቅዳሜ። ካልጻፍክ ያንተ ስም ይጻፋል ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ።

መደርደሪያዬ ላይ ዘጠኝ ሬዲዮ። የአያ ሰይድ መጀመሪያ። ፈሪ ነኝ፣ አንቺን አልዋሽሽም። ለአፍታ፣ ልጻፍና ልገላገል ብዬ ነበር። አፈርኩ።

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ
ሥራ የለም። በር ላይ ተቀምጫለሁ። የወታደር መኪናዎች ወደ አላማጣ ያልፋሉ። አቧራውን ፀሐይ ሲመታው ደስ ይላል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከላይ የተጫኑት ልጆች ሁሉ ዑመርን ይመስላሉ። አንዱ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም። የቁም ሕልም።

ድንገት መጣልኝ። መርፌው እኮ ማዞሪያው የሚጎትተው ክር ላይ የታሰረች ሽቦ ናት። ከክሩ ብትፈታ ጣቢያው ይዞራል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም! ወላሂ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 18፣ ዓርብ
ከጁምዓ በፊት አራት ሬዲዮ፣ በኋላ አምስት። መርፌዎቹን ፈትቼ አዲስ አበባ ላይ በሙጫ። ለአያ ሰይድ ጣቢያውን በጆሮ መፈለግ አሳየኋቸው። ሬዲዮዋን አቅፈው ሄዱ። ለጓድ መ. በምሰጠው ወረቀት ላይ ዘጠኝ ስም፣ ከየስሙ ጎን «አዲስ አበባ»። ውሸት አልጻፍኩም።

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰ. ሊሆን ሲል
ጓድ መ. መጣ። ወረቀቱን አነበበ። የአንዱን ሬዲዮ ማዞሪያ ጠመዘዘ። ጣቢያው ተቀያየረ፣ መርፌው ባለበት ቀረ። ገባው። አለቀልኝ አልኩ።

በሩን ገርበብ አደረገ። ከኮቱ ሥር ትንሽ ሬዲዮ አወጣ። መርፌው እዚያው፣ የጫካዎቹ ላይ! ታናሽ ወንድሙ ግንባር ነው፤ ስምንት ወር ድምፁ የለም። ወለሉን እያየ ነገረኝ። ድንጋዬ አልቋል፣ 11 ሳይሞላ ድረስልኝ አለ። ወጥመድ ይሆን? ዓይኑን አየሁት። ቀልቷል።

በፀሐይ የሰነበተ ድንጋይ ከተትኩለት። ማዶ አያ ሰይድ ሬዲዮዋን ይጠመዝዛሉ፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ጠራኋቸው። ካድሬውን አይተው ደጃፉ ላይ ደረቁ። ጓድ መ. ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀላቸው።

ከጓድ መ. ሬዲዮ ስም መነበብ ጀመረ። ይፈጥናል። አንድም እንዳያመልጠን፣ ጻፍ አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ። ደብተሬ፣ አንቺው ላይ እየጻፍኩ ነው፦