ራስ ገዝ ለመሆን ፈቃድ

ጥቅምት 8
የሒሳብ ፈተና ነበር። ደህና ሠራሁ መሰለኝ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወዳለው የእህቴ ላብራቶሪ ሄድኩ። ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ... ጋዋኗ አሁንም መስቀያው ላይ ነው። አብሯት ይሠራ የነበረው ቴክኒሻን ፍሪዘሩን ከፈተልኝ። ስታጠናው የነበረው የሐይቅ ውሃ በትናንሽ ጠርሙሶች፣ በእሷ የእጅ ጽሑፍ። በረዶ ሆኗል። ውጭ አገር ያለችው የጥናት አጋሯ፣ ፕሮፌሰሯ፣ "ናሙናው ይድረሰኝ እንጂ በስሟ እጨርሰዋለሁ" ብላለች። መላክ ብቻ ነው የቀረው። ምን ያስቸግራል?

ጥቅምት 11
ያስቸግራል። ናሙና ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ዘንድሮ ራስ ገዝ ሆኗል። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ሰቅለዋል። ዲኑ ለአባዬ፣
"ድሮ ሚኒስቴሩ ነበር የሚፈቅደው። አሁን የምንፈቅደው ራሳችን ነን" አሉት።
"ታዲያ ይፍቀዱልና።"
"የሚፈቅደው ቦርድ ገና አልተቋቋመም።"
"ማነው የሚያቋቁመው?"
"ሚኒስቴሩ።"
አባዬ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ምን ስለሰጡት?

ጥቅምት 15
ከክፍል ስወጣ ሚኒስቴር ሄድን፤ አባዬ ትምህርት ይቅር ብሎ አያውቅም። "እነሱ እኮ ራስ ገዝ ናቸው፤ እኛ ምን አገባን?" አለችን አንዷ። ራሷን እንኳ ቀና አላደረገችም። ወይ ጉድ! ሰዎቹ ራስ ገዝ ለመሆን ፈቃድ እየጠበቁ ነው። እህቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር... ምን ዓይነት ቃል ነው የጻፍኩት።

ጥቅምት 19
ትምህርት ክፍሏን ከሌላ ጋር አዋህደውታል። ላብራቶሪዋ ቢሮ ሊሆን ነው። የምን ቢሮ? የዓለም አቀፍ ትብብር ቢሮ! ቀልድ አይደለም።
ቴክኒሻኑ ማታ ቤት መጣ። "ጋሼ፣ ጠርሙሶቹን በበረዶ ሣጥን ላውጣላችሁ። ወደ ፕሮፌሰሯ አገር የሚሄድ ሰው አለኝ። ማን ያየኛል?" አለ።
አባዬ፣ "ልጄ በጓሮ በር ገብታ አታውቅም። ሥራዋም በጓሮ በር አይወጣም" አለ።
እማዬ አየችው። ብቻ አየችው... እኔስ ለምን "ይውሰደው" አላልኩም?

ጥቅምት 20
ዛሬም በአባዬ ተናድጃለሁ።

ጥቅምት 26
ቴክኒሻኑ ደወለ። ፍሪዘሩን ከክፍሉ አውጥተው ኮሪደር ላይ አቁመውታል። ኮሪደሩ ሶኬት የለውም። ቅዳሜና እሑድ እንደዚያው ዋለ፣ አደረ። ውሃው ቀለጠ፣ ሸተተ... ደፉት።
"ቢሮውስ ያምራል?" አልኩት።
"ምንጣፍ ገብቶለታል" አለኝ።
ለአባዬ እማዬ ነገረችው። እራት አልበላም።

ኅዳር 3
ፕሮፌሰሯ ጻፈች። ጥናቱ ያለ እኛ ሐይቅ ይታተማል። የእህቴ ስም ከአጥኚዎቹ ጋር አይገባም። መጨረሻ ላይ፣ "ምስጋና" የሚለው ሥር አንድ መስመር... አዝናለሁ ትላለች። እሷ ምን ታድርግ?

ኅዳር 4
ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ ስል ስልክ ጮኸ። የዲኑ ጸሐፊ ናት። ድምጿ ሠርግ ቤት ያለች ይመስላል።
"እንኳን ደስ ያላችሁ! ቦርዱ ተቋቁሞ ፈቃዱ ወጣ። የናሙናው ባለቤት ራሷ ቀርባ ትፈርም።"
ራሷ። አባዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደና፣ "ድገሚልኝ እስቲ፣ ማን ትፈርም?" አለ። ደገመችለት። አባዬ ሰው ላይ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሰማሁ።
"እሷማ አትመጣም! እኔ ነኝ የምመጣው። ግን ልፈርም አይደለም!"
ዘጋው።
"ቦርሳህን አስቀምጥ። አብረን ነው የምንሄደው" አለኝ።
"ትምህርት አለኝ እኮ፣ አባዬ።"
"ይቅር።"
ይቅር አለ... አባዬ፣ ትምህርት ይቅር አለ!